አውልቂው የተባልኩት ክታብ

መጀመሪያ የወጋኝ ስስቅ ነው።

ሌላ ሰው ውሃ ሲሸከም ወይም ሰሊጥ ሲያጭድ ያመዋል። እኔን ግን ሕመሙ መርጦ የምኖርበትን ነገር ያዘኝ። መተማ ላይ ሻይና ፉል የምሸጥባት አንዲት ቤት ነበረችኝ። ደንበኞቼ ሾፌሮችና ለአጨዳ ከደጋ የወረዱ ቀን ሠራተኞች ሲሆኑ፣ ሻዬ ቀጭን ስለነበር በወሬ አወፍረው ነበር። አንድ ቀን አንድ የወሎ አጫጅ ሙቀቱን ሲያማርር፣ እዚህ አገር ጥላ እንኳ ፀሐይ ፈርቶ ከሰው እግር ሥር ይወሸቃል፣ አንተ ምን ስለሆንክ ነው ብዬው ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከእምብርቴ ዝቅ ብሎ፣ በስተቀኝ፣ ጠቅ አደረገኝ።

እንደ መርፌ አልነበረም። መርፌ ገብቶ ይወጣል። ይሄ ገብቶ ቁጭ ያለ ነገር ነው።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ሆዷ ውስጥ ምን እንዳለ ሳታውቅ ለምትታመም ሴት ነው። ቀልዴን ታገሡኝ። ማጋነን ልማዴ ነው፤ ትንኝ ሳወራ ዶሮ አሳክላታለሁ። ስለ ሕመሙና ሐኪሞቹ ስላሉት ግን አንድ ቃል አልጨመርኩም፤ መጨመርም አላስፈለገኝ።

በደርግ ጊዜ በቆላው የሆድ ሕመም ስም አያጣም ነበር። የመተማ ትንኝ እንደ ቀበሌ መዋጮ ቤት ለቤት እየዞረች ደም ስለምትሰበስብ መጀመሪያ ወባ ነው ተባልኩና ክሎሮኪን ዋጥሁ። ቀጥሎ አሜባ ነው ተባለና ፍላጅል ዋጥሁ። ከዚያ ጤና ረዳቱ ጣፊያ የሚያሳብጠው የቆላ በሽታ፣ ካላዛር፣ እንዳይሆን ሰግቶ ጣፊያዬን በጣቶቹ ፈለገ። ጣፊያ በግራ ነው፣ እኔን የሚያመኝ በቀኝ ነው ብዬ ብነግረው ሕመም አንዳንዴ ይዞራል አለኝ። ሰውየውን አልፈርድበትም፤ እሱም ያለው ሁለት እጅና አንድ የኪኒን ቆርቆሮ ነበር።

ትኩሳት አልነበረኝም። የወር አበባዬ ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል። ጎንበስ ስል፣ ጀሪካን ሳነሣ፣ በጭነት መኪና ስሄድ ይወጋኛል። ስስቅ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ስለዚህ መሳቅ ተውሁ፤ ደንበኞቼም ሻዩ ቀጭን መሆኑን ያወቁት ያኔ ነው።

በመጨረሻ ስሙን የማልጠራው አንድ ሆስፒታል ሄድኩ። ራጅ ትነሣ ተባለ።

የራጁ ክፍል ጠባብና ጨለማ ነው። ባለሙያው የደከመው ሰው ነበር፤ ሊደክመውም ይገባል። በዚያ አገር ክታብ ያልያዘ ሰው የለም። አንዱ ለእባብ ያስራል፣ አንዱ ለቡዳ፣ አንዱ ለንዳድ። አንዳንድ ሴቶች ክታቡን በቀጭን የመዳብ ሽቦ ጠምዝመው ከቀሚስ ሥር ወገባቸው ላይ ይታጠቁታል። አውልቁ ሲባሉ እሺ ይሉና ይዘውት ይተኛሉ፣ ከሰውነታቸው የተለየ ቀን የሚሞቱ ይመስላቸዋልና። ከእኔ በፊት የገቡ አንድ እናት ተነሥተው ሽቦ ወጣባቸው፤ አወለቅሁ ብለው እንደገና ተነሥተው እንደገና ወጣባቸው። ስለዚህ የእኔ ፊልም ታጥቦ ሲወጣ፣ ከዳሌ አጥንቶቼ መካከል ነጭ የተጣመመ ነገር ሲያይ፣ ባለሙያው ለማሰብ ጊዜ አልፈጀበትም።

«ክታብሽን አውልቂ አላልኩሽም?»

«የለኝም።»

«ስትጠየቁ የላችሁም። ፊልሙ ላይ ግን ሁላችሁም አላችሁ።»

ጉትቻዬን አወለቅሁ። የጸጉር መያዣዬን ነቀልኩ። ቀሚሴንም አውልቄ በአንድ ነጭ ጨርቅ ተጠቀለልኩ። አሁንም ነጩ ነገር ወጣ። ያን ጊዜ ጣቱን ወደ አንገቴ ቀሰረ። ማተቤን ነው። ክር በራጅ እንደማይታይ አላውቅም ነበር፤ እሱ ግን ማወቅ ነበረበት። ከክርስትናዬ ጀምሮ ከአንገቴ ያልወረደውን ማተብ ፈትቼ እጄ ላይ ጠቅልዬ ያዝሁት። ተነሣሁ። ያው ነው።

ፊልሙን እኔም አየሁት። ከላይ ሰፋ፣ ወደ ታች ጠበብ እያለ ወዲህና ወዲያ ይጥመለመላል። እባብ አሸዋ ላይ አልፎ የተወውን መንገድ ይመስላል። ባለሙያው ሐኪሙ ዘንድ ገብቶ፣ ሴትዮዋ ክታቧን አላወልቅም ብላለች አለ። ሐኪሙም ከላይ ያለውን ነገር ትቶ አጥንቴን አየ፣ አጥንቴ ደህና ነው። የጨጓራ መድኃኒት አዞልኝ፣ ፊልም መጫወቻ አይደለም ብሎ ተቆጥቶኝ ሸኘኝ።

ቤቴ ገብቼ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። ያሉኝን ቀሚሶች ሁሉ ጠርዛቸውን ተረተርኩ። የውስጥ ልብሴን ስፌት ፈታሁ። የሌለኝን ክታብ ፈለግሁ። ሰው ደጋግሞ አለሽ ሲለው የሌለውንም መፈለግ ይጀምራል።

ሰፈሩ ደግሞ የራሱን መልስ አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ከውጭ የሌለ ክታብ በራጅ ከታየ መተት ነው፣ ዝና ናት ያሠራችብሽ አሉኝ። ዝና ማለት ጫኔ እኔን ፈትቶ ያገባት ሴት ናት፤ ሸሕዲ ነው የሚኖሩት። ጫኔ የፈታኝ መካን ነሽ ተብዬ ነው፤ ልጅ ባለመውለዴ በሽማግሌ ፊት ከተለያየን ጥቂት ክረምት አልፎ ነበር። ዝናን ግን አልጠረጠርኩም። ወጥ ጨው እንዳነሰው እንኳ መለየት የማትችል ልጅ መተት ከየት ታመጣለች ብዬ አፋቸውን አስያዝኳቸው። በልቤ ግን ፈራሁ። ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ነበር፤ ማንም ስሙን አያውቅም።

እስከሚቀጥለው አጨዳ በዚያው ቆየሁ። አንድ ቀን የፉል ድስት ሳወርድ ወጋኝና ድስቱን ለቀቅሁት። ከመሬት መነሣት አቃተኝ። አንድ ሾፌር ተሸክሞ መኪናው ላይ ጫነኝ፤ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ጎረቤቶች አወጡልኝና ጎንደር ወጣሁ።

ጎንደር ያየኝ ዶክተር ብዙ የማይናገር፣ ሲናገር ግን ዓይን ዓይን የሚያይ ሰው ነበር። አሮጌውን ፊልም ይዤ ነበርና መብራት ያለበት ሰሌዳ ላይ ሰካው። ክታብ እንዳይለኝ ቀድሜ፣ ዶክተር፣ ይህን ሽቦ እንዳወልቅ ተለምኜ ማተቤን ሳይቀር ፈትቻለሁ፣ የቀረኝ ቆዳዬን መግፈፍ ነው አልኩት። አልሳቀም። በጎን እንድተኛ አድርጎ ሌላ ራጅ አስነሣኝ። ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን አደረገ።

«ከላይ የታሠረ ነገር ቢሆን» አለኝ፣ «ከፊት ስናነሣሽ ዳሌሽ ላይ ቢታይም፣ ከጎን ስናነሣሽ ከሰውነትሽ ውጭ ይታይ ነበር። ይሄ ከፊትም ከጎንም ውስጥሽ ነው። ሉፕ ነው። መቼ አስገባሽ?»

ሉፕ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ሴት እንዳታረግዝ ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጥ ፕላስቲክ ነው አለኝ። እኔ አላስገባሁም አልኩት።

«ማሕፀን ፕላስቲክ አያበቅልም» አለኝ። በቁጣ አልነበረም። ቀስ ብሎ ነው ያለው።

ሉፑ ከጫፉ በማሕፀን አፍ የሚወርድ ክር አለው፤ ክሩን ፈልጎ አጣው። ክሩ ከጠፋ ሉፑ ወይ ወድቋል፣ ወይ ወደ ላይ ተስቧል፣ ወይ ማሕፀኑን በስቶ ወጥቷል አለኝ። የቱ እንደሆነ ለማወቅ ሳውንድ የሚሉትን ቀጭን የብረት ዘንግ ማሕፀኔ ውስጥ አድርጎ እንደዚያው እያለሁ ከፊትና ከጎን አስነሣኝ። የዘንጉ ጥላ ማሕፀኔ የት እንዳለ ያሳያል፤ ከዘንጉ ጋር ያለ ውስጥ ነው፣ ከዘንጉ የራቀ ውጭ ነው። የእኔ ግማሹ ከዘንጉ ጋር ነበር። ግማሹ ርቆ ሄዷል። የማሕፀኔን ግድግዳ ወግቶ፣ ራሱን ሆዴ ውስጥ አውጥቶ ተቀምጧል። ያረጀ ነገር ነው፣ ቀስ በቀስ ነው የበሳሽ አለኝ።

አንድ ነገር ጠየቅሁት። ይሄ ነገር እዚያ ባይኖር እወልድ ነበር ወይ?

«እሱ እዚያ እያለ ብትወልጂ ነበር የሚገርመኝ።»

እኔ ዝም ማለት አላውቅም። ያን ቀን ግን ዓመታቱን በጣቴ መቁጠር ያዝሁ።

በሕይወቴ ሐኪም ከወገቤ በታች ያየኝ አንድ ጊዜ ነው። የሞተችብኝን ልጅ የወለድኩ ጊዜ። ጫኔና እኔ ያን ክረምት ሰሊጥ እርሻ ላይ ነበርን። ምጥ ያዘኝ። ልጁ አልወጣ አለ። የጎንደር መንገድ በጭቃና በጦርነት ተዘግቷል፤ ዋልካው ትራክተር ይውጥ ነበር። በተሳቢ ጭነው በገላባት በኩል ከድንበር ማዶ ወዳለ አንድ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ሆዴን ቀደዱ። ሴት ነበረች። አላየኋትም።

እዚያ ሳለሁ ዐረብኛዬ ለስኳርና ለሽንኩርት እንጂ ለማሕፀን የሚበቃ አልነበረም። ሐኪሙ የሚናገረው በጫኔ በኩል ነው። ጫኔ ደግሞ ሥራው አስተርጓሚነት ነበር። ድንበሩ ላይ በሾፌሩና በሱዳኑ የጉምሩክ ሹም መካከል ቆሞ፣ ሹሙ የሑዳዴን ስብከት ያህል ሲናገር፣ ጫኔ ዞር ብሎ «ይለፉ ብሏል» ይልና ይጨርሳል። በዚህ የታወቀ ነበር። ከሰው ነገር ፍሬውን ማውጣት ያውቃል እያሉ ተሻምተው ነበር የሚወስዱት። እኔም እኮራበት ነበር። ቁስሌ ሲሽር፣ ከመውጣታችን በፊት፣ ሐኪሙ አንድ ጊዜ ከታች አየኝ፤ ስፌቱን የሚያይ መሰለኝ። ከዚያ ለጫኔ ብዙ ነገረው። እጁን እያወናጨፈ፣ ጣቱን ወደ እኔ እየቀሰረ፣ እንደገና ከመጀመሪያው እየጀመረ ነገረው። ምን አለ አልኩ። «በርቺ ብሏል፤ ጉበት ብዪ ብሏል» አለኝ ጫኔ።

ጎንደር አልጋ ላይ ተኝቼ ያን ቀን ደጋግሜ አየሁት። ለዶክተሩም ነገርኩት። እንዲህ ያለ ነገር ሳይናገሩ አያስገቡም፣ አብሮሽ ለነበረው ሰው ነግረውታል አለኝ።

አብሮኝ የነበረው ሰው አንድ ነው።

ከዚያች ልጅ በኋላ አልጸንስ ብዬ፣ መካን ተብዬ የሆንኩትን ልንገራችሁ። ፀበል ለፀበል ዞሬአለሁ። ስሙን የማላውቀው ሥር በጥብጠው አጠጥተውኝ ሳምንት ሙሉ ደም ተፍቻለሁ። የሰው ልጅ ሳቅፍ እናቱ ቀስ ብላ ስትቀበለኝ አይቻለሁ። ጫኔ ፀበል ሲወስደኝ ስንቄን ተሸክሞ ከፊት ከፊቴ ይሄድ ነበር። ያውቅ ነበር። ስንቁን ተሸክሞ፣ እያወቀ፣ ከፊቴ ይሄድ ነበር።

ለኦፕራሲዮን ያስተኙኝ ጠዋት ዶክተሩ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ነገረኝ። ሆዴን በአሮጌው ጠባሳ ላይ ይከፍታል። ሉፑን ከተጣበቀበት ያላቅቃል። ማሕፀኔ ክፉኛ ከተጎዳ ማውጣት ሊኖርበት ይችላል። ደም ሊፈስ ይችላል። ልሞትም እችላለሁ። ይህን ሁሉ ለእኔ ነው የነገረኝ። ለማንም አይደለም። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።

ጭምብሉ አፍንጫዬ ላይ ሆነ። ሽታው ጣፋጭ ነበር። ጠላሁት። ቁጠሪ አሉኝ። ጀመርኩ። ጠፋሁ።

ስነቃ አፌ ደርቋል። መጀመሪያ የጠየቅሁት ማሕፀኔን ነው። ነርሷ አለሽ አለችኝ። እንደገና ጠየቅኋት። አለሽ። እንደገና ተኛሁ።

በማግስቱ ዶክተሩ በፋሻ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ከአውራ ጣቴ እምብዛም የማይበልጥ፣ የተጠማዘዘ፣ የወየበ ፕላስቲክ ነው። የወጣው ጫፍ ሞራ ውስጥ ተሸፍኖ ነበር አለኝ፤ ሞራ ማለት በግ ስናርድ አንጀቱ ላይ እንደ መረብ ተዘርግቶ የምናየው ስብ ነው፣ ለእኛም አለን፣ ባዕድ ነገር ሲያገኝ ሄዶ ያቅፈዋል። ስስቅ የሚወጋኝ ሆዴ ሲንቀጠቀጥ ያ የታቀፈ ነገር ስለሚጎትተኝ ነበር። በቀኝ በኩል ያለው የማሕፀን ቱቦ ተጣብቆ ተበላሽቷል። ግራው ደህና ይመስላል፤ ስለ መውለድ ግን ቃል ልገባልሽ አልችልም አለኝ።

ፕላስቲክ እንዴት በራጅ ይታያል ብዬ ጠየቅሁት፤ የፕላስቲክ የልብስ ቁልፍና ማበጠሪያ አይታይም ብሎኝ ነበርና። ሲሠሩት ባሪየም የሚባል ነገር ይቀላቅሉበታል፣ ቢጠፋ እንዲገኝ ሆን ተብሎ ነው አለኝ። ይህን ስሰማ አለቀስኩ። የሠራው ሰው አንዲት የማያውቃት ሴት አንድ ቀን ትፈልገው ይሆናል ብሎ አስቧል። ይህን ሁሉ ዓመት ሆዴ ውስጥ እዚህ ነኝ ሲል የነበረው ፕላስቲኩ ነው። አልጋ የተጋራኝ ሰው አፉን ዘግቷል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነበር፤ መጀመሪያ ነርሷ ደግፋኝ እስከ መስኮቱ፣ ቀጥሎ ግድግዳውን ይዤ እስከ በረንዳው፣ በኋላም ብቻዬን እስከ ግቢው በር እየተራመድኩ፣ ስፌቱ ሲሳብ በእጄ ደግፌ እያሳልኩ፣ ሾርባውን ውሃ ነው ብዬ እየተሳደብኩ ግን እየጠጣሁት ሰነበትኩ። አጠገቤ የተኛች አንዲት የሳንጃ ሴት ገበያ ውስጥ የጠፋ አህያዋን ስታፈላልግ የሰው አህያ ስለመንዳቷ ስታወራ ሳላስበው ሳቅሁ። ስፌቱ አመመኝ። የድሮው ቦታ ግን አልወጋኝም፣ እጄን ላኩበት፣ ዝም ብሏል፣ ባዶ ነው፤ እንደገና ሳቅሁ፣ እሷም ወሬዋ ያሳቀኝ መስሏት አህያውን ሦስት አደረገችው።

ፊልሞቹን ዶክተሩ ለእኔ ሰጠኝ። ስመለስ ኬላ ላይ ፊናንሱ ሻንጣዬን በርብሮ ኮንትሮባንድ ይዘሻል ወይ አለኝ። ከሱዳን ያስገባሁት አንድ ዕቃ ነበረ፣ ቀረጥ ሳልከፍል ዓመታት ተቀምጦ ሰሞኑን ጎንደር ላይ ተያዘ አልኩት። ፊልሙን አሳየሁት። ሰውየው መርምሮ ፊቱን አዞረና ሂጂ እናቴ አለኝ። የዕድሜ እኩያዬ ነበር።

ቤቴ ገብቼ ሳገግም አያ በሪሁን ዘንድ ላክሁ። እኔንና ጫኔን ያፋቱን ሽማግሌ እሳቸው ናቸው፤ መካንነቴም የተነገረው በሳቸው ደጃፍ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ነው። ያንኑ ሽማግሌ ሰብስቡልኝ፣ ጫኔን ከሸሕዲ ጥሩልኝ፣ ሌላ አልጠይቅም አልኩ። ሰበሰቡ። ጫኔም መጣ። ዝናም ተከትላው መጥታ ሴቶቹ ጋ ቆመች፣ ጀርባዋ ላይ ልጅ አዝላለች።

ፊልሙን ወደ ፀሐይ አንሥቼ ለሽማግሎቹ አሳየሁ። ዳሌዬን አየት አድርገው ዓይናቸውን ሰበሩ፤ እነሱ እንኳ ያፈሩልኝ ያን ቀን ነው። ዶክተሩ ያለውን ተናገርኩ። ከዚያ ወደ ጫኔ ዞርኩ።

«ያ ሐኪም ያለህን አሁን ተርጉምልኝ። ፍሬውን አልፈልግም። ገለባውንም ጭምር።»

«በርቺ ነው ያለው» አለ።

አያ በሪሁን ከዘራቸውን መሬት ላይ አሳረፉ። «ልጄ፣ በርቺ ለማለት ሐኪም አያስፈልግም። ቀጥል።»

ጫኔ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። ሐኪሙ ማሕፀኗ ተሰፍቷል፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ካረገዘች ይቀደድና ትሞታለች ብሎ ነበር። ለዚህ ሉፕ አስገብቻለሁ አለ ሐኪሙ። ክሩን በየወሩ ትፈልገው። ክሩ ከጠፋባት አምጣትና በራጅ እንፈልገው። ሁለት ዓመት ሲሞላ አምጣት፣ አወጣዋለሁ፣ ከዚያ ትወልዳለች። ይህን ልብ በል፣ ለእሷ ንገራት ብሎ ደግሞ ደጋግሞ ነግሮታል። ጫኔ አንዱንም አልረሳም ነበር። ክሩን ሳይቀር አልረሳም።

ያኔ ልጅ ሞቶባት እያለቀሰች አትወልጂም ልበላት ወይ አለ። በኋላ ልነግራት ነበር። በኋላ ድንበሩ ተዘጋ፣ የማወጣበት መንገድ አጣሁ። ከዚያ በራሱ የወደቀ መሰለኝ አለ። እስከዚህ ያለውን እንኳ ልሰማው እችል ነበር። ሰው ይፈራል። ሰው ነገ እያለ ያረፍዳል።

«እዚህ ዛፍ ሥር መካን ናት ስትል ግን» አልኩት፣ «ያን ቀን ለምን አልነገርከኝም?»

ዓይኑን ወደ ሴቶቹ ላከ።

«ዝና ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች» አለ።

አላሳጠረውም። ከዚያ የሚረዝም ነገር አልነበረውም።

ዝና ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈችው። አያ በሪሁን ቆይተው ተነሡ፤ እኛ ሳናውቅ የጫንንብሽን ስም ዛሬ ከላይሽ አንሥተናል፣ ሰምታችኋል አሉ ለሕዝቡ። እኔም፣ አያ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ያነሣችሁትን ግን ሰው እንዳይደናቀፍበት የት ታኖሩታላችሁ አልኳቸው። ሊስቁ ፈልገው አልቻሉም። እኔም አልቻልኩም። ጫኔ ከእግሬ ሊወድቅ መጣ። አትውደቅ፣ ቁም፣ ብዬው ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ አልወለድኩም። ቱቦው ይሁን ያለፉብኝ ዓመታት፣ ዶክተሩም አላወቀም፣ እኔም አላወቅሁም። ይቅር ብለሽዋል ወይ የሚሉኝ አሉ። ለንስሐ አባቴ ይቅር ብያለሁ ብያለሁ። ጎኔ ግን ክረምት ሲገባ አልፎ አልፎ ይጠዘጥዘኛል፤ ያን ቀን አላልኩም እላለሁ።

ዓመታት አልፈው አንድ ቀን ዝና ሻይ ቤቴ መጣች። ሆዷ ገፍቷል፣ እግሮቿ አብጠዋል፣ መንገዱ ተዘግቷል፣ ወደ ማዶ ሊወስዷት ነው። እኔ በዚያ መሐል ሾፌሮቹን አስቸግሬ ዐረብኛ ለምጄ ነበር፤ የማሕፀኑን፣ የደሙን፣ የቱቦውን ሁሉ ስም ጠይቄ አውቄአለሁ፣ የሚነግሩኝ ወንዶች እያፈሩ። «እትዬ አንጓች» አለችኝ፣ «እሱ ይምጣ፣ ግን አንቺም ነይልኝ።» ልብሴን ቀይሬ አብሬአት ወጣሁ። የማዶው ሐኪም እኔን አይቶ የእሷ ምን ነሽ አለኝ። ጣውንቷ ነበርኩ ማለት ረጅም ነው። ጆሮዋ ነኝ አልኩት። የተናገረውን ሁሉ ነገርኳት፤ የሚያስፈራውንም ጭምር። ፈራች። ግን የፈራችው የምታውቀውን ነው።

ያ የጎንደር ዶክተር ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም፤ ባለበት ይባረክ፣ ፊት ለፊቴ ልትሞቺ ትችያለሽ ያለኝ እሱ ብቻ ነውና። ነርሷን፣ ያን የተሸከመኝን ሾፌርና ባሪየሙን ያሰበውን ሰው ሁሉ አመሰግናለሁ። የማዶውን ሐኪም ጭምር አመሰግናለሁ። ሉፕን አልጠላም፤ እሱ ባያስገባልኝ ኖሮ ያን ጊዜ ማሕፀኔ ተቀዶ ልሞት እችል ነበር። ብዙ ሴቶች ወደው ያስገባሉ፣ በጊዜው ያስወጣሉ፣ ምንም አይሆኑም። የጎዳኝ ፕላስቲኩ ሳይሆን እንዳለ አለማወቄ ነው።

እህቴ፣ ሆድሽን ካመመሽና በራጅ የማታውቂው ነገር ከታየ፣ ልብስሽን እየተረተርሽ አትክረሚ። ከላይ የታሠረ ነው ካሉሽ ከጎንም አንሡኝ በያቸው። ልጅ ስትወልጂ ወይም ሲወርድብሽ ያከመሽ ሰው ካለ ምን እንዳደረገልሽ ጠይቂ፣ ሉፕ ካለሽም ክርሽን ፈልጊ፤ ከጠፋብሽ ወድቋል ብለሽ አትተኚ። ፊልምሽን ራስሽ ያዢው። ሐኪሙ በማታውቂው ቋንቋ ከተናገረ ከሁለት ሰው አስተርጉሚ፣ አንዱ ሴት ትሁን፣ የሁለቱ ካልገጠመ ሦስተኛ ጥሪ። ባልሽ ደግ ሊሆን ይችላል፤ የእኔም ስንቄን ይሸከምልኝ ነበር። የሆድሽን ወሬ ግን ከማንም በፊት አንቺ ስሚው።